በሕግ አምላክ የተባልኩ ዕለት

ይህ ነገር የገጠመኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ሁለት ሴቶች ቦርሳ አዝለው ከወረዳ ወረዳ በእግራቸው ቢሄዱ ሰው ይስቅባቸው ይሆናል እንጂ ሌላ የሚደርስባቸው ነገር አልነበረም። ዛሬም ወንዝ ዳር ስደርስ ቀኝ እግሬ ለመነሳት ያመነታል። የሥራ ባልደረቦቼ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ቀልጄ አልፋቸዋለሁ፤ እዚህ ግን እንደሆነው ልናገረው።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። በውሃ ምህንድስና ተመርቄ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጬ ነበር። ቤት መቀመጥን የተቀመጠ ያውቀዋል፤ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከሰዓት በኋላ የእናት ፊት። በዚያ ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ፈትኖን ውጤት እየጠበቅን ነበር። የሚፈልጉት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ትዕግሥት ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ዶርም ያደርን ጓደኛዬ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። አንደኛ ዓመት ሳለን ካርታ ላይ ከጉንደ ወይን እስከ ደብረ ማርቆስ በእርሳስ አስምረን፣ "ይህቺን መንገድ ሳንመረቅ በእግራችን እንሄዳታለን" ተባብለን ነበር። ከዚያ ፈተና መጣ፣ የተግባር ልምምድ መጣ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ መጣ። ተመረቅን፤ መስመሯ ካርታው ላይ ቀረች። ትዕግሥት ለሁለተኛ ዲግሪ ልትመዘገብ ነው። እኔም ሥራ ካገኘሁ ፈቃድ ለምኜ በእግሬ እሄዳለሁ ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ካልሄድን መቼም አንሄድም አልንና በአውቶቡስ ጉንደ ወይን ሄደን ወደ ማርቆስ በእግር መመለስ ጀመርን።

አባቴ ሊገባው አልቻለም። "መኪና የሚሄድበትን መንገድ በእግር? ምን በድላችሁ ነው?" አለኝ። በየመንደሩም ያው ጥያቄ ነበር። ለሽርሽር ነው ብንል ማን ያምነናል? አንዲት እናት "ስለት ነው?" ሲሉን ትዕግሥት ቶሎ ብላ "አዎ፣ ስለት ነው" አለች። ከዚያ በኋላ ጠየቁን አልጠየቁን ስለተኞች ሆነን አረፍነው። እኔን ግን በስለት መዋሸት ደስ አላለኝም።

ኦርጅናል ዶክመንቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር። ትዕግሥት ሳቀችብኝ። ዓመት ሙሉ ሥራ የፈለገ ሰው ግን ሱሪውን ቢረሳ ዶክመንቱን አይረሳም፤ ከመንገድ ላይ ቢጠሩኝ በቀጥታ ልሄድ ብዬ ነው።

እንዳሰብኩትም ጠሩኝ። በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ቁይ ገበያ መሃል ቆመን ወንድሜ ደወለ። "ስምሽ ወጥቷል! አንደኛ ነሽ!" አለኝ። እልል ልል ስል ቀጠለ። "ግን እስከ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ኦርጅናል ይዞ ሪፖርት ያላደረገ እንደተወ ይቆጠራል፣ ተጠባባቂው ይጠራል ይላል።"

ወደ ማርቆስ የሚሄድ መኪና እዚያው እየጫነ ነበር። ረዳቱ "ማርቆስ አንድ ሰው! ሁለት ሰው!" ይላል። ትዕግሥት ቦርሳዋን አንስታ "ነይ እንግባ፤ መንገዱ ይቅር" አለችኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። "ሁለት ቀን አለን፤ እሑድ ማታ ቤት ነን። አምስት ዓመት የጠበቅናትን መንገድ ጫፏ ላይ አንተዋትም" አልኳት። መኪናው ሞልቶ ሲወጣ በእጄ ሸኘሁት። ትምክህት ይሉሻል ይህ ነው።

ከቁይ ወጥተን የመኪናውን መንገድ ትተን በእግረኛ አቋራጭ ሄድን፤ የዚያን ዕለት መንገድ ላይ አደርን። እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንዲት ወንዝ ዳር ደረስን። ስሟን አልጠራም፤ በበጋ ዶሮ የሚሻገራት ወንዝ ናትና የአገሩ ሰው ይስቅብኛል። በዚያች ሰዓትም ውሃዋ ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም። ከላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ወንዟ ጋ ቶሎ ለመድረስ ብለን አዲስ የተዘራ ማሳ አቋርጠን ነበር። እርጥቡ አፈር ላይ የጫማችን ዱካ እንደ ማኅተም ታትሟል። ጫማዬን አውልቄ በማሰሪያው አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩና አንድ እግሬን ውሃው ውስጥ አስገባሁ።

"በሕግ አምላክ!"

ከበስተጀርባችን፣ ከማሳው በላይ ካለው ተረተር ነው የመጣው። ዞር ስል ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ረጅም ዱላ ይዘው ቁልቁል ይሮጣሉ።

ለማያውቅ ልናገር። እኛ አገር ይህ ቃል ከተጠራ ዳኛ ባይኖርም ዳኛ አለ ማለት ነው። የሚሮጥ ይቆማል፤ ዱላ ያነሳ ዱላውን ያወርዳል። አባቴ "በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው በሬም ይቆማል" ይለን ነበር፤ በሬውን ግን ከራሱ የጨመረው ይመስለኛል።

ቆምኩ። ትዕግሥት "ምንድነው የሚሉት?" አለችኝ።

"ቁሙ እያሉን ነው። ማሳቸውን ረግጠናል።"

"እንሻገርና ከማዶ ሆነን ይቅርታ እንላቸዋለን! ቀበሌ ከወሰዱን እኮ ዛሬም የለ፣ ሰኞም የለ!"

እውነቷን ነበር። ዕለቱ እሑድ ነው፤ የቀበሌ ሰው እስኪገኝ፣ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ የማሳው ጉዳት እስኪታይ ሰኞ ይመሻል። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ሥራ ለተጠባባቂው ሊሆን ነው። ማዶው አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሰውየው ገና ሩቅ ናቸው። እግሬን አነሳሁ።

"በሕግ አምላክ ብያለሁ! አንቺ ልጅ! ወዲህ ተመለሽ፣ ጉዳይ አለኝ!"

ያቺን እግሬን በአየር ላይ እንዳለች አስታውሳታለሁ። ወደ ፊት ላሳርፋት ፈልጌ ነበር፤ ወደ ኋላ አሳረፍኳት። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ የአባቴ በሬ ሳይሆን አይቀርም። በንዴት እያለቀስኩ ዳገቱን ወጣሁ። ትዕግሥትም እያጉረመረመች ተከተለችኝ። ሽማግሌው ሲደርሱብን ክንዴን አፈፍ አድርገው ይዘው ወደ ላይ ጎተቱኝ። ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር አልቻሉም። እኔ ግን አፌ አላረፈም። "አባቴ፣ ስለ ማሳው ይቅርታ ያድርጉልን፣ እንክሳለን፣ ብቻ..."

ድምፁ የመጣው ያኔ ነው። መጀመሪያ ከባድ የጭነት መኪና ዳገት የያዘ መስሎኝ ነበር። መንገድ በሌለበት መኪና ከየት መጣ ብዬ ዞር አልኩ። ከወንዟ መታጠፊያ ቡናማ ግንብ ብቅ አለ። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ አንድ የሞተ በግ እያንከባለለ መጣ። እግሬን ላሳርፍበት የነበረው ድንጋይ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ውሃው የቆምንበት ሥር ድረስ ወጣ፤ ከመሬቱም ንዝረቱ ይሰማኝ ነበር። ትዕግሥት መሬት ላይ ተቀመጠች።

ያኔ ቀና ብዬ አየሁ። ጮቄ ተራራ ራሱ አይታይም፤ በጥቁር ደመና ተሸፍኗል። ዝናቡ እዚያ ሌሊቱን ሲወርድ አድሯል። የውሃ መሐንዲሷ እኔ፣ ያየሁት እግሬ ሥር ያለውን ውሃ ብቻ ነበር።

አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ሰውየውን ከማመስገኔ በፊት "መቼ ይጎድላል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እሱን ውሃው ነው የሚያውቅ፣ ልጄ" አሉኝ። አያ ዘለቀ ይባላሉ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ከተረተሩ ላይ ሆነው ነው ጎርፉንም እኛንም ያዩት። ትዕግሥት የለመደችውን የስለት ወሬ፣ እኔ ደግሞ ስለ ሰኞ ነገርናቸው። ብዙ አልጠየቁኝም። ቀጭን እንጨት ሰብረው ውሃው ጫፍ ላይ ተከሉና ተቀመጡ። ውሃው እንጨቱን ትቶት ሲሸሽ ነቅለው ወደ ውሃው ያስጠጉታል፤ ስንት ጣት እንደሸሸ ይለካሉ። እኔ ይህን ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተምሬ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ።

ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ሰዓት ሆነ። ትዕግሥት ስለ ቁዩ መኪና አንዲት ቃል አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል አያ ዘለቀ እንጨታቸውን ነቅለው ጣሉና ተነሡ። ሦስታችንም ረጅሙን ዱላ ይዘን፣ እሳቸው ከፊት ሆነው፣ በሰያፍ እንድንሻገር አዘዙን። "ውሃውን አትዩ። ማዶውን እዩ" አሉ። ከዚያ ቦርሳዬን ሳቅፍ አዩና "ምን አለበት?" አሉኝ።

"የአምስት ዓመት ትምህርቴ ነው።"

"እንግዲያውስ ለኔ ስጪኝ። እኔ ሳልማር ልሸከመው፣ እንዴት እንደሚከብድ ልየው" ብለው ዶክመንቱን ከነላስቲኩ ራሳቸው ላይ አድርገው በጋቢያቸው ጠመጠሙት።

ውሃው ጭኔ ድረስ ነበር፤ ይገፋል። መሃል ላይ አያ ዘለቀ አዳለጣቸውና በአንድ ጉልበታቸው ወደቁ፤ ውሃው ደረታቸውን መታው። ትዕግሥት ጮኸች። ሰው ሲወድቅ የሚይዘው ይፈልጋል፤ የእሳቸው እጅ ግን ዱላውን ለቆ ወደ ራሳቸው ሄደ። ዶክመንቴን ይዘው፣ በሌላው እጅ ድንጋይ ተደግፈው ተነሡ። ማዶ ስንደርስ ጋቢያቸውን ፈቱና ዶክመንቱን ሰጡኝ። ደረቅ ነበር። "አይከብድም" አሉ።

ትዕግሥት ልብሷን እየጨመቀች ጠየቀቻቸው። "አባባ፣ ለምን 'ጎርፍ መጣ' አላሉንም? እኛ እኮ ስለ ማሳው መስሎን ልናመልጥዎት ነበር።"

ዱላቸውን ተደግፈው አሰቡ። "ዓምና አንድ ነጋዴ ወደ ገበያ ሲገሰግስ እዚህ ደረሰ። 'ደራሽ መጣ!' ብዬ ጮኽኩለት። ሰማይ አየ፣ ውሃ አየ፤ 'የት አለ?' ብሎኝ ሳቀና ገባ። አስከሬኑን በሦስተኛው ቀን አገኘነው። ደራሽ ያልከው ሰው ይከራከርሃል። በሕግ አምላክ ያልከው ግን አስቀድሞ ይቆማል፤ ክርክሩ ኋላ ነው።"

 ከዚያ ኮስተር አሉ። "አሁን ወደ ነገራችን። በሕግ አምላክ ብዬ ሰው አቁሜ ያለ ክስ ብለቅ ስሙን በከንቱ ጠራሁት ማለት ነው። ማሳዬን ረግጣችኋል፤ ታምናላችሁ ወይስ ትክዳላችሁ?"

"እናምናለን" አልን ሁለታችንም።

"ፍርዱ ይህ ነው። ከእንግዲህ ወዲህ የአገሩን ሰው ሳትጠይቁ ውሃ አትሻገሩም። በሉ ሂዱ፣ እናንተ ስለተኞች።"

ስለተኞች አለመሆናችንን ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ አነጋገራቸው ግን የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነበር። ብቻቸውን ወደ ማዶ እስኪመለሱ ድረስ ቆመን አየናቸው። ለማመስገን ድምፅ ያገኘሁት ያኔ ነው፤ በውሃው ጩኸት አልሰሙኝም።

ያን ዕለት ቤት አልገባንም። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን፣ መኪና መንገዱ ጋ ስንደርስ ድንች የጫነ አይሱዙ አገኘን። በዚህኛው ጊዜ እምቢ አላልኩም። ጭቃ ሁለት ጊዜ ይዞት ወርደን ገፋን። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስደርስ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ነበር። ተጠባባቂው ልጅ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አየኝ፣ ጭቃዬንም አየ፣ ተነሥቶ ወጣ። እሱንም አልረሳሁትም። መዝጋቢዋ ዶክመንቴን ተቀብላ አሸተተችና "ቅቤና ጭስ ይሸታል" አለችኝ።

በዓመቱ ጥር ላይ አንድ ጋቢ ይዤ አያ ዘለቀ ዘንድ ሄድኩ። "ወረቀቱ እንጀራ ሆነ?" አሉኝ። ሆነ አልኳቸው። የረገጥነው ማሳ ገብሱ ጥሩ እንደነበርም ነገሩኝ።

ካርታው ላይ ካለችው መስመር በአይሱዙ ያለፍናት ቁራጭ እስካሁን በእግር አልተሄደችም። ትዕግሥት በየዓመቱ ትደውልና "መቼ ነው?" ትለኛለች። ሥራዬ ሆኖ ዛሬም ከወንዝ ወንዝ እዞራለሁ። መሣሪያዬን ከመትከሌ በፊት ያገሩን ሰው እጠይቃለሁ፤ ፍርዴን እየፈጸምኩ ነው።

ያ ቡናማ ግንብ አንዳንዴ ትዝ ይለኛል፤ እሱን ግን እየለመድኩት መጣሁ። ያልለመድኩት ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌው ያን ቀን "ደራሽ መጣ" ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ሰማይ አይቼ፣ ውሃ አይቼ፣ "የት አለ?" እላቸው ነበር።