ሦስት ብሎን

ባሌ ማንዙር እዚህ ፓኪስታን፣ በሳሂዋል ከተማ ገበያ ጥግ ሞተር ሳይክል ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው ከየሰፈሩ እየመጣ «ኡስታድ» እያለ፣ እንደ ባለሙያ አክብሮ፣ «ደህናው ሞተር የትኛው ነው?» ይለዋል። እሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሴት ከሆነች ዝቅ ያለችውን ሞተር ያሳየዋል፣ አበቃ። ለምን እንደሆነ አይናገርም። እኔ ግን አውቃለሁ።

ልጃችን ሻጉፍታ እንደ አገራችን ወግ ለእህቴ ልጅ ለቃይሰር ታጭታለች። ሰርጉ አሥር ቀን ቀርቶታል። ከሙሽራዋ ቤት የሚሰጠው አልጋም ቁምሳጥንም ወደነሱ ቤት ሄዷል፤ የቀረው አባቷ ለሙሽራው የሚሰጠው ሞተር ነው። ማንዙር ያቺኑ ዝቅ ያለችውን፣ ኮርቻዋ ረጅምና ልሙጥ የሆነችውን መረጠ። ቃይሰር ደግሞ ልቡ ያለው ከፍ ያለው ሞተር ላይ ነው፤ የኋላ መቀመጫው ሽቅብ የተሰቀለ፣ ለድመት እንኳ የማይበቃ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንዲህ ያለውን ሞተር ከጓደኛው ተውሶ ግቢያችን ድረስ እየነዳ መጣ። ገና ሳየው ዓይኔ ወደ ኋላው ጎማ ሄደ። የሴት ልብስ እንዳይገባ ከኋላው ጎማ ጎን የሚታሰረው ፍርግርግ የለም። የኛ ጎረምሶች ሞተር በገዙ ማግስት መጀመሪያ የሚነቅሉት እሱን ነው። የሽማግሌ ሞተር ያስመስላል ይላሉ።

«አጎቴ፣ ይቺን ነው የምፈልገው» አለ ቃይሰር። «ፍሬኗ ቶሎ ይይዛል። የርስዎ ምርጫ እኮ ቆማም ትንቀጠቀጣለች።»

«በፍሬኑ እውነትህን ነው» አለ ማንዙር። «ለብቻህ ብትሆን እኔም ይቺን እመርጥልህ ነበር። ሻጉፍታስ የት ትቀመጣለች?»

«ከኋላ ነዋ። እንደ ሰው ሁሉ በጎን።»

«ምን ይዛ?»

«እኔን ይዛ!» ሻጉፍታ ኩሽና ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

ማንዙር አልሳቀም። «አይሆንም» አለ። ቃይሰር ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያው ይቅር። ለእናቴ እነግራታለሁ።»

እህቴን አውቃታለሁ፤ ለኩርፊያ ሰበብ አታጣም። እኔን ያናደደኝ ግን ባሌ ነው። ልጁ ሰርጉን አበላሽቶ ሊሄድ፣ ካልሆነም ልጄን በዚያ ጎማ ላይ አስቀምጦ ሊወስዳት፣ ሰውዬው አሁንም ግማሽ መልስ ሰጥቶ ዝም ብሏል።

«ና ወዲህ ቃይሰር» አልኩና ሻርፔን ከአንገቴ ላይ ፈታሁት። «ይሄን ጠባሳ እናትህ ከምን መጣ ብላ ነገረችህ?»

«የፈላ ዘይት ነው ብላ» አለ ዓይኑን እየሰበረ።

«ዘይት ያልኩት እኔ ነኝ። ሻርፕ ነው። በተጋባን በሦስተኛው ወር ላሲ የሚሉትን የእርጎ መጠጥ ልንጠጣ ስንሄድ ጫፉ ጎማው ውስጥ ገብቶ አንገቴን ሸምቅቆ ጣለኝ። ሞተሯም ያቺው ዝቅ ያለችው ናት፤ አጎትህ ደህና ናት የሚላት።»

ቃይሰር ወደ ማንዙር ዞረ። ማንዙር መሬት መሬት እያየ ነበር።

«ፍርግርጉን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሦስት ብሎን ነው። ሲነቀል ያምራል ብዬ ነው።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለኔም እንኳ በአፉ ብሎት አያውቅም። ዘይት ነው ያልኩት ሰው ሞተሩን ወደሱ ማምጣት እንዳይተው ብዬ ነበር። እሱም በዚያው ውሸት ተሸሸገ፣ እኔም ሸሸግሁት። አዘንኩለት፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ሻጉፍታ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ከኩሽና ወጣች። «እኔ በጎን አልቀመጥም» አለች። «እግሬን ግራና ቀኝ አድርጌ ነው የምሄደው። ሰው የፈለገውን ይበል።»

ቃይሰር ጎንበስ ብሎ የተዋሰውን ሞተር የኋላ ጎማ አየ። ከዚያ «ዝቅ ያለችው ትሁን» አለ። «ፍርግርጓን ግን እኔው ራሴ ነኝ የማጠብቀው።»

ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሦስቱንም ብሎን አጠበቀ። ማንዙር አጠገቡ ተንበርክኮ አንድ በአንድ በእጁ ሞከራቸው።

ሰኞ ዕለት አንድ አዲስ ሙሽራ ወደ ጋራዡ መጣ። እኔ ጋራዡን ከቤታችን ከሚለየው መጋረጃ ወዲህ ምስር እለቅም ነበር።

«ኡስታድ፣ ደህናው ሞተር የትኛው ነው?»

«ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?»

«ሚስቴ።»

እንደ ወትሮው ዝቅ ያለችውን ያሳየዋል ብዬ ጠበቅሁ። ባሌ ግን ወንበር ስቦ «ቁጭ በል» አለው። «በሚስቴ ላይ ያደረግሁትን ልንገርህ።»