የእንጥል ቀጠሮ

ሰበታ አንደኛ ክፍል እንዳስተምር ስመደብ ስለ ልጆች አንደበት የማውቀው በአንድ ከሰዓት በኋላ የተማርኩትን ብቻ ነበር። መምህራን ማሠልጠኛው ውስጥ አንዲት ፈረንጅ መጥታ፣ ምላሳቸው የሚኮላተፍ ልጆችን ለመርዳት መስታወትና ትዕግሥት ያስፈልጋል ብላን ሄደች። ከሁለቱ እኔ የነበረኝ መስታወቱ ነው።

በዚያ ዓመት ከተማሪዎቼ መካከል ረን ማለት የማትችል አንዲት ልጅ ነበረች፤ የባለጋሪ ልጅ። በሬ በሌ ነው፣ ራስ ላስ ነው፣ መብራት መብላት ነው። «እትዬ፣ መብላት ጠፋ» ስትል ክፍሉ በሳቅ ይናጋል፤ እኔም ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ። አንድ ዐዋቂ ነኝ ባይ፣ ኦሮሞ ስለሆነች አማርኛው ከብዷት ነው አለኝ። ውሸት። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛም ረ ሞልቶታል። እሷ በዚያም ቢሆን ፈረስን ፈርዳ በማለት ፈንታ ፈልዳ ነው የምትለው። በሁለት ቋንቋ እኩል የምትሳሳት፣ ለማንም የማታዳላ ልጅ ነበረች።

አባቷን ኦቦ እያልኩ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው እንደ ልጃቸው አንቺ ይሉኛል። አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷን ሲያደርሱ ጋሪያቸውን በሩ ላይ አቁመው ጠሩኝ።

«አካም ቡልቴ፣ መምህርት» አሉ። እንዴት አደርሽ ነው። «ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ልጅቷን ተጂ ከተማ እወስዳታለሁ።»

«ተጂ ምን አላት?»

«እንጥሏን ላስቆርጥ። ምላሷን አላላውስ ያለው እሱ ነው።»

ጉሮሮ ላይ የምትንጠለጠለው ያቺ ትንሽ ሥጋ በሰበታና በአካባቢው ያልተከሰሰችበት ወንጀል አልነበረም። ልጅ ሳል ያዘው፣ እንጥሉ ወርዶ ነው። ጡት እምቢ አለ፣ እንጥሉ ነው። አልናገር አለ፣ እንጥሉ። ተጂ ያለው ቆራጭ ጫፉ የታጠፈ ስለቱን በጋቢው ጠረግ አድርጎ የአገሩን ልጅ ሁሉ እንጥል ሲለቅም ኖሯል። ይህን እየሳቅሁ ብናገርም ያኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ጎረቤቴ ልጇን እዚያው ወስዳ አስቆርጣ፣ ደሙ አልቆም ብሎ በማግሥቱ ቀበረችው። ለቅሶው ላይ ተቀምጫለሁ። ለኦቦ ይህንኑ ብነግራቸው፣ «የእሱ ቀኑ ደርሶ ነው» አሉኝ። ቀን ከደረሰ ጋር ማን ይሟገታል?

ፈራሁ። ልጅቷ ደግሞ አጠገባችን ቆማ፣ ስለ ሌላ ሰው የምናወራ ይመስል የፈረሱን ጭራ ታያለች። አንጀቴን በላችው።

«ኦቦ፣ እስከ ፋሲካ ይስጡኝ። ረን ካለች አይወስዷትም» አልኳቸው።

«ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ፊታቸው ግን እሺ አላለም።

በዕረፍት ሰዓት መስታወቱን ይዘን ክፍል ውስጥ መቅረት ጀመርን። ምላስሽን ከላይኛው ጥርስሽ ኋላ አድርጊ እላታለሁ። ምላሷን አውጥታ መስታወቱ ውስጥ ታየውና በሳቅ ትፈርሳለች። ፈረንጇ ስለዚህ የነገረችን ነገር የለም። ቀጥዬ ማር አመጣሁ። ከጥርሷ ጀርባ ላንቃዋን ብቀባላት፣ ምላሷ ማሩን ፍለጋ ስትወጣ ረ የሚነሣበት ቦታ ላይ ትደርሳለች ብዬ ነበር። ደረሰች። ማሩን ጥርግ አድርጋ ልሳ፣ «እትዬ፣ ጨምሉልኝ» አለችኝ።

በማግሥቱ የክፍሉ ግማሽ ረ ማለት አቃተው። ትናንት መጽሐፉን እንደ ዳዊት ሲያንበለብል የነበረ ሁሉ፣ «እትዬ፣ እኔም በሌ ነው የምለው» እያለ አፉን ከፍቶ ተሰለፈ። ዳይሬክተራችን ማሩ ከጠራው ንብ እኩል ደረሰ።

«ይሄ ትምህርት ቤት ነው ጠጅ ቤት?» አለኝ።

ለእሱ የፊደል መድኃኒቱ አርጩሜ ነው። አርጩሜውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ በማር የተለወሰ የልጅ ጣት ያረፈበትን ዴስክ ሁሉ እያየ ዞረ። ጃንሆይ ከግድግዳው ላይ፣ ከፎቶአቸው ሆነው አብረው ተመለከቱ። የሰጡት አስተያየት አልነበረም።

ማሩ ሲቀር ወደ ደ ዞርኩ። ደና ረ ጎረቤቶች ናቸው፤ ምላስ ለሁለቱም የምትነካው ያንኑ ቦታ ነው። ደ ደ ደ እያለች ካፈጠነችው አንዷ ደ ተንሸራታ ረ ትሆናለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ደደደ ስትል ትሰነብትና መጨረሻዋ ላይ ለ ትመጣለች፣ ሳይጠሯት እንደምትመጣ ዘመድ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

መፍትሔው በየጠዋቱ በራችን ላይ ይቆም እንደነበር የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። የኦቦ ፈረስ አፉ የደነደነ ሽማግሌ ነበር። ልጓም ቢስቡት ግድም የለው። የሚቆመው ኦቦ ምላሳቸውን አርገብግበው «ድርርር» ሲሉት ብቻ ነው። ባለጋሪ ሁሉ የየራሱ ማቆሚያ አለው፤ የእሳቸው ይህ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ይህን የሚያህል ረ ተቀምጦ እኔ ማር ስገዛ!

«ኦቦ፣ ፈረሱን እሷ ታቁመው። ፈረስ ሰው ላይ አይስቅም» አልኳቸው።

ደነገጡ። ሴት ልጅ እንደ ባለጋሪ ምላሷን አርገብግባ መንገድ ላይ መጮኋ ከማፏጨት አይተናነስም፤ ነውር ነው።

«ነገ ደግሞ ጅራፉንም ስጧት በይኝ! ማን ያገባታል?» አሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረሱ አጠገብ እንዳትደርስ ከለከሏት።

ነውሩን ይዘን ከክፍሉ ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ ሥር ሄድን። እኔ፣ የመንግሥት ደመወዝተኛ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ «ድርርር» እላለሁ። እሷ «ድልልል» ትላለች። ወደ ገበያ የሚያልፉ ሴቶች ቆም ብለው ያዩናል። አንዷ አማተበች። ዘነበ አልዘነበ ሳንል ገፋንበት። ፋሲካ መጣ፣ ዶሮው ተበላ፣ ረ ግን አልመጣችም።

ኦቦ ቀጠሯቸውን አልረሱም። ልጅ ሲቆረጥ ጭን ላይ አስቀምጦ ጭንቅላቱን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል። የልጅቷ እናት ደግሞ አራስ ነበረች።

«አንቺን ትሰማለች። አንቺ ያዥልኝ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ልይዛት ግን አልነበረም። ተጂ ስንደርስ ቆራጩን መንግሥት ይሰማል ብዬ አስፈራራዋለሁ፣ ገበያው እስኪሰበሰብ እጮሃለሁ፣ ካልሆነም እጁን እነክሰዋለሁ ብዬ ነው። ከዚህ የተሻለ ዕቅድ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሪው ላይ ወጣን። አስፋልቱ የመኪና ነው፤ እኛ ዳር ዳሩን በኮረኮንቹ እንሄዳለን። ልጅቷን በጉልበቶቼ መካከል አስቀምጫታለሁ። አላለቀሰችም። ሰበታን ለቀን ጥቂት እንደሄድን በለሆሳስ ደ ደ ደ ማለት ጀመረች። ጸሎት መሰለኝ። ጋሪው በድንጋዩ ላይ ሲነጥር የእሷም አገጭ አብሮ ይነጥራል፣ ደዋም እየፈጠነች፣ እየተቆራረጠች ትሄዳለች።

ፈረሱ ቀጥ አለ።

ኦቦ «ቼ!» አሉት። ሄደ። ትንሽ እንደሄደ አሁንም ቀጥ አለ። ወርደው ኮቴውን አነሡ፣ መጫኛውን ፈተሹ፣ መንገዱ ዳር ያለውን ትልቅ ዋርካ ገልመጥ አድርገው አማተቡ። «ይሄ ቦታ ደግ አይደለም» አሉና ቶሎ ብለው ተመልሰው ወጡ። እኔ በዚህ ጊዜ የልጅቷ ጀርባ በጉልበቴ ላይ ሲርገበገብ ተሰምቶኛል። ምን እንደሆነ ገባኝ። ግን ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ብናገር ረ ደንግጣ የምትጠፋባት መሰለኝ።

ዋርካውን አልፈን ሲቆም ግን ኦቦም ሰሙ። ዞረው ያዩት እኔን ነው።

«መምህርት፣ አታፍሪም? የባሕር ዛፉን ወሬ እኮ ሰምቻለሁ!»

«እኔ እንኳን ፈረስ፣ አንደኛ ክፍልንም ማቆም አቅቶኛል» አልኳቸው።

ልጅቷን አዩ። አንገቷን ደፍታለች።

«አንቺ ነሽ?»

አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ኦቦ ጢማቸውን ሲጎትቱ ቆዩ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ዞረው ልጓሙን አነሡ።

«ጥሩ ነው። ግን ለሰውየው ቃል ሰጥቻለሁ። ከቆረጠው ደግሞ ይበልጥ ይጠራላታል» አሉ። «ቼ!»

«ድርርር» አለች ልጅቷ። አሁን በለሆሳስ አልነበረም። ማሳ ውስጥ ጎንበስ ያለ ገበሬ ቀና ብሎ አየን። ፈረሱ ቆመ።

«ቼ!»

«ድርርርር!»

ጅራፉን አነሡ። በፈረሱ ላይ ይሁን በእሷ ላይ አላወቅሁም፤ ቀድሜ እጆቼን ዘረጋሁባት። ጅራፉ ግን ወደ ታች አልመጣም። ፈረሱ ሁለቱን ተራ በተራ መስማት ታክቶት ሳሩን መጋጥ ጀምሯል።

«ማል ጄቴ?» አሏት። ምን አልሽ?

«ሂን ሙረሙ» አለች።

በአባቷ ቋንቋ አልቆረጥም ማለት ነው። ረዋ ከመሐሉ ቁልጭ ብላ ወጣች። ከዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠች ይመስል ወደ እኔ ዞረችና ለእኔም በአማርኛ ደገመችልኝ። «አልቆረጥም።»

ደረቴ ላይ ለጥፌ ያዝኳት። ነጠላዬ በእንባዬ ረጠበ፤ የሷ ዐይን ግን ደረቅ ነበር።

ኦቦ ጅራፉን እግራቸው ሥር አስቀመጡ። ሲናገሩም ወደኛ አልዞሩም።

«እኔ ስቆረጥ የያዘኝ አባቴ ነበር» አሉ። «ጭኑ ላይ አስቀምጦ። እኔ ዝም ነው ያልኩት።»

ከጋሪው ወረዱ፣ የፈረሱን ልጓም በእጃቸው ያዙና ወደ ሰበታ አዞሩት። ቤት እስክንደርስ ተመልሰው አልወጡም፣ ከፈረሱ ጎን በእግራቸው ሄዱ።