ማር ያስጣለኝ ጌታ

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነስቻለሁ። እዚያ ፊት የተቀመጠው ሽማግሌ «አሳጥሪው» ብሎኛል፤ እሞክራለሁ፤ ካልሆነልኝ እናንተ ቻሉኝ። ስሙ ይባረክ!

ነገሩ በጣልያን ጊዜ ነው፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር። ባሌ ዱር ገብቷል፤ እኔ ከአማቴ ጋር ነኝ፣ እርጉዝ ነኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ወልጃለሁ፤ ሁለቱም ትልልቅ፣ ሁለቱም ድምፅ ሳያሰሙ የቀሩ። ሦስተኛውንም እንዳልቀብር ፈራሁ። ውኃ ጥሙ አይጣል ነው! ጓሮ ሽንቴን በሸናሁበት ደግሞ ጉንዳን ይሰፍራል፣ ሠርግ የተጠራ ይመስል። ጌታን ያኔ አላውቀውም፤ የማውቀው ማር ነው። ማር ተቆረጠ ከተባለ ከንቡም ቀድሜ እደርሳለሁ።

ቢጨንቀኝ ቡሬ ካለው የጣልያን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሽንቴን ተቀብሎ በእሳት ሲያሞቀው «ይኼ ሰውዬ ሊጠጣው ነው እንዴ?» አልኩ። አስተርጓሚው ከአስመራ የመጣ ወንጌል አማኝ ነበር። «እህቴ፣ ስኳር በዝቶብሻል፤ ልጆችሽንም የጎዳው እሱ ሳይሆን አይቀርም ይላል። ማርና ጠላ ተዪ፣ እንጀራ ቀንሺ፣ ጎመን አብዢ፣ በልተሽ ተራመጂ» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኼን ደግሞ ሐኪሙ አላለም፤ ኢየሱስ ይወድሻል። ልጸልይልሽ?» አለ። እዚያው እያለቀስኩ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ!

ግን ወገኖቼ፣ ማመኑ ቀሎኝ ማሩ ከበደኝ! አማቴ ሲሰሙ «ኧረ ጉድ! ጣልያን አገራችንን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ማራችንን ከአፋችን ሊነጥቅ?» ብለው ጮኹ። መንደሩ ሁሉ ጣልያንን በእኔ ሆድ ሊዋጋ ተነሳ! አንዷ ማር፣ አንዷ ጠላ ይዛ ከች ትላለች። «በሞቴ ቅመሺ! አፈር ስሆን!» ሰው በሞቱ ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል? ስቀምስ ስቀምስ ጥሙ ባሰብኝ።

አንድ ቀን ጓሮ ቆሜ «ጌታ ሆይ፣ አፌን መዝጋት አቅቶኛል፤ የሰዎቹን እጅ ያዝልኝ!» ብዬ አለቀስኩ። አማቴ ለካ ከኋላዬ ቆመዋል። ጉንዳኑን አዩ።

«እንዲህ ነው የሚሰፍርብሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«በፊተኞቹም ጊዜ?»

«በፊተኞቹም ጊዜ።»

ልጆቹን በእጃቸው የገነዙት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው «ዳግመኛ እንዳትቀምሺ! በሞቴ!» አሉኝ። ክብር ለጌታ! ከአማት ሞት የሚበልጥ የማን ሞት አለ?

ከዚያ ወዲያ በሩን እሳቸው ያዙት። የመጣ ስጦታ መመለስ ነውር ነውና «በእሷ ፈንታ» እያሉ ራሳቸው ይበሉታል! እኔ ጎመኔን በልቼ በማሳው ዳር ስመላለስ፣ እሳቸው ማሩን ይልሳሉ፤ በሩ እስኪጠብባቸው ድረስ። ጉንዳኑም ከእኔ ራቀ። ጌታ ይመስገን!

ልጄ እሪ ብሎ ተወለደ። አዋላጇ ልታባብለው ስትል አማቴ «ተዪው! ይጩህ! ማንም ዝም እንዳያሰኘው!» እያሉ ከእሱ በላይ አለቀሱ።

እርጉዝ እህቶቼ፣ ጌታን ታመኑት፤ ሐኪም የላከላችሁም እሱ ነው። አማቶችም፣ በሞቴን ለደግ ነገር አውሉት።

ያ ልጅ የት ደረሰ ካላችሁኝ፣ ያውላችሁ፤ «አሳጥሪው» ያለኝ ሽማግሌ እሱ ነው። ድምፁን አንድ ጊዜ ልስማ ብዬ አምላኬን የለመንኩለት ልጅ፣ ዛሬ እኔን ዝም ሊያሰኝ! ይበለኝ፣ ይናገር ብቻ። ስሙ ይባረክ!