ሬዲዮና ማነቃቂያው ኪኒን

የፀጉር አስተካካዩን ትክክለኛ ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ሬዲዮ» ብሎ ነው። መቀስ ካነሳ እስኪያስቀምጥ አፉ አይዘጋም።

የሚጥል በሽታ ያለበት ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ እየዋጠ አራት ዓመት አንድም ቀን ሳይጥለው ቆየ። ግን መድኃኒቱ ያደነዝዘዋል። ከምሳ በኋላ ዓይኑ እየከበደ ወሬው መሃል ላይ ይቆረጥበት ጀመር። ደንበኞቹ ባትሪ ጨርሷል እያሉ ሲስቁበት አንጀቱ አረረ።

አንድ ሹፌር ደንበኛው አዘነለትና ረጅም መንገድ ሲነዳ የሚወስደውን ማነቃቂያ ኪኒን ሰጠው። ሬዲዮ ዋጠና ነቃ። ሁለት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አወራ። ሱቁን ሦስት ጊዜ አጠበ። አንድ ራሰ በራ ሰውዬን ስለ ፀጉር አያያዝ ሲመክር ዋለ። መድኃኒቱንም ተወው፤ አንዱ ሲያነቃ ሌላው ሲያስተኛ ሆዴ ውስጥ ይጣላሉ ብሎ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የጡረተኛውን ርዕሰ መምህር ግማሽ ፊት ላጭቶ ምላጩን ሊያጥብ ዞር እንዳለ ወደቀ፤ መላ አካሉ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ቁልፍ አስጨብጡት ይላል፤ ሌላው ማንኪያ አፉ ውስጥ ሊከት ይታገላል። ርዕሰ መምህሩ አንድ ጉንጫቸው አረፋ እንደለበሰ ተነሥተው ማንኪያውን ነጠቁ፣ ወንበሩን ገፉ፣ ፎጣ አጣጥፈው ጭንቅላቱ ሥር አደረጉ፣ ሰዓታቸውን እያዩ ደቂቃ ቆጠሩ። በሦስተኛው ደቂቃ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት።

ሐኪም ቤት ታላቅ እህቱ አብራው ገባች። ዶክተሯ ምን ወስደህ ነበር ብትለው ምንም አለ። እህቱ በክርኗ ጎሸመችው።

«እኔ ፖሊስ አይደለሁም» አለችው ዶክተሯ። «ካልነገርከኝ ግን የማክመው ሌላ ሰው ነው።»

ነገራት። አልተቆጣችም። ማነቃቂያው በሽታውን እንደሚቀሰቅስ፣ እንቅልፍ ማጣት እንደሚያባብሰው፣ መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ለብቻው እንደሚጥል አስረዳችው። እሱ ሦስቱንም ባንድ ሳምንት አሟልቷል።

«ያደነዝዘኛል ብለህ ብትመጣ እኮ እናስተካክለው ነበር» አለችው።

ሬዲዮ አፈረ። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲለፈልፍ ከርሞ መስማት ለነበረባት ለአንዷ ሰው ዝም ማለቱ ገረመው።

መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ተለወጠለት፤ ድንዛዜውም ቀለል አለ። ሲወድቅ ምላሱን ነክሶ ስለነበር ግን ሳምንት ሙሉ በምልክት ነበር የሚያወራው። እህቱ በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ያረፍኩበት ጊዜ የለም ትላለች።