«ቤተሰብ ይዘሽ ነይ»

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛውን ሁሉ ለጤና ምርመራ ልኮን ነበር። አልጋው ላይ ተጋድሜ ነርሷ ደረቴ ላይ ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ጠብ ስታደርግ ሳቄ አመለጠኝ። «ኮረኮርኩሽ እንዴ?» አለችኝ፤ ልጅ እግር ናት። አይ፣ አልኳት። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ይህንኑ ቅባት በተቀባሁበት ቀን ሟች መሆኔን አምኜ፣ ለቅሶዬ ላይ ማን ማን እንደሚመጣ ስቆጥር እንዳመሸሁ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ያኔ የምንኖረው ካዛንቺስ፣ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ በሚጠቀምበት ግቢ ነበር፤ እኔና እናቴ ብቻ። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስታዲየም ጋ ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ሲጠብቅ ወደቀ፣ በቃ። በዚያን ዕለት ጠዋት ክራቫቱን እያሰረ «ዛሬ ደረቴን ያዝ አድርጎኛል» ብሎ ነበር። እናቴ «ብርድ ነው» አለችው። ብርድ አልነበረም፤ ልቡ ነበር።

እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ኡራኤል አካባቢ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ተቀጥሬአለሁ። ማመልከቻና የኪራይ ውል ስተይብ እውላለሁ። ቤቷ ቀለምና የሞቀ ወረቀት ትሸታለች፤ ደጃፏ ላይ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት አያባራም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ ሰውዬ ማመልከቻ እየተየብኩ ሳለ ልቤ ድው ድው ይል ጀመር። እጄ ቀዘቀዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ስክሪኑ ላይ ያሉት ፊደሎች ተንቀጠቀጡብኝ። ሰውዬው ከጀርባዬ ቆሞ «እህት፣ ‹ከታላቅ አክብሮት ጋር› የምትለዋን እንዳትረሻት» ይለኛል። እኔ እየሞትኩ ነው፣ እሱ አክብሮቱን ይፈልጋል።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ለቀቀኝ። በሦስተኛው ቀን ታክሲ ውስጥ መጣብኝ፣ ከዚያማ ቤተኛ ሆነ። የአባቴን ልብ እንደወረስኩ አልተጠራጠርኩም። እናቴ ባሏን ልቡ ነጥቋታል፤ አንድ ልጇ ተነስታ ደግሞ «ደረቴን ያዝ አድርጎኛል» ብትላት ምን ይውጣት ነበር? ስለዚህ ፊቴ ገርጥቶ፣ ምግቤን ገፍቼ ስታየኝና «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚለውን አልኳት። «ጨጓራዬ ነው።»

ይህን ቃል በእኛ ግቢ መናገር እሳት ተነሣ ብሎ እንደመጮህ ነው፤ ሁሉም ባልዲውን ይዞ ይወጣል። የጎን ጎረቤታችን፣ ቅመም ነጋዴዋ የስልጤ እናት፣ የተዘፈዘፈ አብሽ በብርጭቆ ይዘው መጡ። «ጠጪ የኔ ልጅ፣ አሏህ ሽፋውን ይስጥሽ፣ እኔንም ያዳነኝ ይኼ ነው» ብለው እስክጨርሰው ቆመው ጠበቁኝ። ከቧንቧው ማዶ ያሉት ጡረተኛ ሹፌር ደግሞ «እሷን ተያት፣ ጥሬ ድንች ጨምቀሽ በባዶ ሆድ» አሉኝ። ተልባውን የላከችው ማን እንደነበረች ዛሬ አላስታውስም። ጨጓራዬ ያለ ጥፋቱ ስንቱን ቻለ! አብሹ ደግሞ ሰውነቴን ላብ ላብ ስለሚያሸተው ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው መስኮት ይከፍት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለእኔ መድኃኒቱ በሽ በሽ ነበር፣ የሌላ ሰው በሽታ መድኃኒት ሆኖ ነው እንጂ።

ሲብስብኝ ከደመወዜ ቆንጥሬ፣ የሰፈር ሰው እንዳያየኝ ደምበል አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሙ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ነበሩ። ደረቴን ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው ልቤን በማሽን አስነሡት። ረጅሙን ወረቀት ዘርግተው አዩትና ስለ አባቴ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወረቀቱን አጠፉና «ምንም የለብሽም» አሉኝ። ከዚያ ጨመሩ፤ «ነገ ጠዋት ግን ቤተሰብ ይዘሽ ነይ።»

ሌላ አገር ቢሆን ሰው «ምንም የለብሽም» የምትለዋን ይዞ እየዘለለ ይወጣ ነበር። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። በእኛ ወግ ለታማሚው «ምንም የለብህም» ይባላል፣ እውነቱ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው። ከግቢያችን ብቻ ሁለት ሰው «ምንም የለብህም» እየተባለ ነው የተቀበረው። የአንደኛውን ወንድሞች ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ሲነግራቸው እሱ ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥ ነበር። እንግዲህ ተራዬ ደረሰ አልኩ። ከደምበል እስከ ካዛንቺስ በእግሬ መጣሁ። ለቅሶዬን የቆጠርኩት ያኔ ነው፤ አሠሪዬ ሱቋን ዘግታ ትመጣ ይሆን ወይስ በሰው ትልካለች ብዬ በሐሳቤ ተቀየምኳት።

ቤት ስገባ እናቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። የስፌት መኪናው ድምፅ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ይርገበገባል። «እማዬ፣ ነገ ሐኪም ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አልኳት። መኪናው ቆመ። «ለጨጓራ» አልኩ ቶሎ ብዬ። ቀና ብላ አላየችኝም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ስንት ሰዓት?» ብቻ አለችኝ።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መንገድ ስንሻገር እንደ ሕፃን እጄን ይዛ ወሰደችኝ። መዳፏ በላብ ርሷል። ክሊኒኩ ደርሰን ሐኪሙ ክፍል ስንገባ ገና ከመቀመጧ «አንቺ ውጪ ጠብቂ» አለችኝ። አላልኩሽም? ወጉን እሷም ታውቀዋለች። ልነሣ ስል ሐኪሙ «የለም፣ ትቀመጥ። ከሷ የምደብቀው ነገር የለኝም» አሉና ወረቀቱን ሦስታችን መሃል ዘረጉት። «እናት፣ ይኼ የልጅዎ ልብ ነው። ጤነኛ ነው።»

«ዶክተር፣ እኔ ብዙ አይቻለሁ፣ እችለዋለሁ። ይንገሩኝ።»

«ነገርኩዎት እኮ።»

«እንደሱ አይደለም፣ እውነቱን።»

«ኧረ ልጆቼን! ጤነኛ ነው!» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ኮሪደር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

በልጅ ከተማለ በኋላ ምን ይባላል? ተሸክሜው የከረምኩትን ጆንያ አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ያወረደልኝ መሰለኝ። ሐኪሙ ረጋ ብለው አስረዱን፤ በሽታ ሳይሆን ጭንቀት እንደሆነ፣ ሰውነቴ በአባቴ ድንገተኛ ሞት ደንግጦ አሁንም አደጋ አለ እያለ እንደሚሮጥ፣ ሲመጣብኝ ከመታገል ይልቅ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ በዝግታ ባወጣው እንደሚያልፍ። «ቤተሰብ ይዘሽ ነይ ያልኳት» አሉ ወደ እናቴ ዞረው፣ «ብቻዋን ተሸክማው ስለመጣች ነው። ቤት ውስጥ የሚሰማት ሰው ያስፈልጋታል። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«እኔማ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ትክ ብለው አዩዋት። እናቴ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ ቆየች።

«ብርድ ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ደረቴን ሲለኝ፣ ብርድ ነው ብዬ የሸኘሁት እኔ ነኝ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ይህን ቃል ካፏ ሰምቼው አላውቅም። የሷም ልብ መኪናው ላይ ተቀምጣ ሳለ ድንገት እየተነሣ ያስጨንቃት እንደነበር ያን ቀን አወቅኩ። እሷ ግን ለማንም አልተናገረችም፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ነው የኖረችው። ሐኪሙ የሷንም ደረት አዳመጡ፣ ግፊቷን ለኩ፣ ልቧንም በማሽን አስነሡት። «ጥፋቱ የርስዎ አይደለም» አሏት። ወዲያው ያመነቻቸው አልመሰለኝም፤ ማልቀሱን ግን አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ደስ የሚል ለቅሶ ነበር።

ስንወጣ ፀሐዩ ቦግ ብሏል። ካፌ ተቀምጣ የማታውቀዋ እናቴ ቀድማኝ ገባችና ሁለት ማኪያቶና ሁለት ኬክ አዘዘች። ክሬሙ አፍንጫዋን ነክቷት ሳያት ሳቅኩባት። «ሳቂ፣ ሳቂ» አለችኝ፣ «ከሐዘን ቤት ያተረፈሽን አመስግኚ።» ለሳምንታት ስገፋ የከረምኩትን ምግብ ኬኩ ላይ ተወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ማታ ከሥራ ስወጣ ኡራኤል ደጃፍ ተሳልማ ትጠብቀኝና በእግራችን ወደ ካዛንቺስ እንሄድ ነበር። ደንብ አወጣን፤ ቤት እስክንደርስ «ደህና ነኝ» ማለት ክልክል ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሁለታችንም አፋችን ተያዘ። እሷ ስለምትሰፋው ዩኒፎርም የቁልፍ ቀዳዳ ታወራለች፣ እኔ ስለ ደንበኞች። እያደር ግን መጣልን፤ አንዳንድ ቀን አባቴን እያነሣን ስንሳሳቅ መንገዱ ያጥርብን ነበር። ልቤ መሮጡን ወዲያው አልተወም፣ ውሸት አልነግርሽም። ሐኪሙ ጋ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ነገር ግን ሲመጣ «መጣ» የምለው ሰው ነበረኝ። ክረምቱ ሲያልፍ እሱም እግሩን አሳጠረ።

ያ ግቢ አሁን የለም፤ ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ጎረቤቶቻችን በየአቅጣጫው ተበተኑ፣ እናቴም ከከተማው ዳር አንድ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። አርጅታለች፣ ጉልበቷ ያማታል፣ አጠገቧ የምታውቀው ሰው የለም። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ሳለሁ ደወለችልኝ። «ዛሬ ደህና አይደለሁም» አለችኝ። «አሞኝ አይደለም። ብቸኝነቱ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ሲመችሽ ነይ።»

አስፈቅጄ ወጣሁ። ደርሼ ክንዴን አስያዝኳትና ሕንጻውን ቀስ ብለን ዞርን፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ስለ ጡረተኛው ሹፌር አነሣች፣ በሕይወት ይኖሩ ይሆን እያለች። ሦስተኛው ዙር ላይ ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበችና ክንዴን ለቀቀችው።

«አሁን ተሻለኝ፣ ሂጂ ወደ ሥራሽ» አለችኝ።

አመንኳትና ሄድኩ።