ዳዊቴ ውስጥ የደበቅሁት ወረቀት

«እማዬ፣ የክርስትና ስምሽ ማነው?» አለችኝ ልጄ ሜሮን፣ አንድ ረቡዕ ዕቃ እያጠበች። እዚህ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች ናትና የአገሯን ወግ ማወቅ አማራት ብዬ ደስ አለኝ። «ወለተ ሰንበት» አልኳትና ረሳሁት።

እኔማ ሌላ ጭንቀት ይዞኝ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የክሊኒኩ ነርስ ወረቀቴን አየት አድርጋ «ማማ፣ የደምሽ ውጤት ደህና አይደለም፤ ሰኞ ሐኪሙ ጋ ትቀርቢያለሽ» ብላኛለች። ምን ሆኜ ነው ብላት፣ እሱ ይነግርሻል አለችኝ።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ሜሮን ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ወረቀቱን ያኑ ዕለት ማክሰኞ ማታ ዳዊቴ ውስጥ ደበቅሁት፤ አማርኛ ስለማታነብ አትገልጠውም ብዬ ነው። እራት ላይ እንደምንም እስቃለሁ፣ እሷም ትስቃለች። ጉርሻ ስታበዛብኝ «ምነው፣ ልታወፍሪኝ ነው?» እላታለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሕሙማን ጸሎት የክርስትና ስሜን ላስመዘግብ ዲያቆኑ ጋ ሄድኩ።

«ወለተ ሰንበት? ይሄ ስም እኮ ተጽፏል፣ እናቴ» አለኝ ደብተሩን ገልጦ።

«የሌላ ሰው ይሆናላ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው፤ የልጄ እጅ ጽሑፍ።

«ሐሙስ ዕለት አንዲት ልጅ መጥታ ነው የጻፈችው» አለኝ። «የእናቴን የክሊኒክ ወረቀት አየሁት፣ ማየቴን እንዳትሰማብኝ ብላ አለቀሰች።»



ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ከዳዊቱ አውጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩና «ተነሺ፣ ልበሺ። ሐኪሙ የሚለውን አንቺ ታስረጂኛለሽ» አልኳት።