የእትዬ ሐሊማ ጠባብ ጓዳ

ልጅ ሳለሁ፣ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር በነበረው የጋራ ግቢያችን መብራት በጠፋ ቁጥር፣ እትዬ ሐሊማ ፋኖሳቸውን ለኩሰው፣ የከሰሉን ፍም እየቆሰቆሱ ተረት ያወሩልን ነበር። አገር ቤት ሳሉ ደሴ ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር፤ ካርቱም ላይ ግን ዳሚን፣ ማለትም ዋስ፣ ሆነው ነበር፤ የሱዳን እመቤቶች የወሎ ሴት ለቤት ሥራ የሚቀጥሩት እሳቸው «እኔ አለሁላት» ሲሉ ብቻ ነው።

ያኔ ሌላው አዋቂ ስለ ጅብና ቀበሮ ሲያወራ፣ የሳቸው ተረት ስለ ሴል ነበር። አሚኖ አሲዱ ሸክም ነው፤ ቲ አር ኤን ኤ ተሸካሚ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዘበኛ ነው።

«አንዱ ዘበኛ የሚያስጭነው ኢሶሉሲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ግን ቫሊን የሚባል፣ በጥቂቱ የሚያንስ መሳዩ እየሾለከ ይጫናል። ስለዚህ ዘበኛው ጠባብ ጓዳ አለው። ኢሶሉሲን አይገባባትም፣ ያልፋል። ቫሊን ግን ገብቶ እዚያው ከተሸካሚው ይቆረጣል።»

«ባይቆረጥስ?» አልኩ።

«ፕሮቲን የሚሠራበት ቦታ ተሸካሚውን እንጂ ሸክሙን አያይም። ዘበኛው ከተሳሳተ ኻላስ፣ አለቀ፣ ፕሮቲኑ ይጣመማል።»

እኔም ሳድግ ዘበኛ መሆን አማረኝ።

አንድ ምሽት፣ ተረቱ ገና ሳያልቅ፣ ከወባ ያገገመች እናቴ መጥታ ሥራ ለመነቻቸው። «እትዬ፣ አፈር ልብላልዎ፣ ልጄ ጦሟን እያደረች ነው።»

ግቢውን አስጠረጓት። አንድ ጭራሮ ሳታስቀር ጠረገች፤ ደስ አለኝ።

«ያላ፣ አሁን ያን ጀሪካን አንሺ» አሏት።

ውሃ የሞላውን ጀሪካን አንስታ ጥቂት እንደሄደች ጉልበቷ ከዳት፤ ከነጀሪካኑ ወደቀች። ልጆቹ እየሳቁ «ተቆረጠች! ተቆረጠች!» ብለው ጮኹ።

«ጎበዞች፣ ገብቷችኋል» አሉ እትዬ ሐሊማ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ «አንዲት ደካማ ባስገባ ቃሌን ማን ያምናል? የሌሎቹም እንጀራ ይዘጋል» አሏት። እናቴ ተነስታ የረጠበ ቀሚሷን ጨመቀች።

ያለ ዳሚን በር የሚከፍትላት አልተገኘም። ማዮ ወደሚባለው የድሆች ሰፈር ወርደን፣ የሰው ልብስ እያጠበች፣ ክረምቱን ሳትጨርስ ሞተች።

ዛሬ እኔም ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ተረቱን ከነፍሙ ሽታ አስታውሰዋለሁ፤ ሴትዮዋን ግን ይቅር አላልኋቸውም። የተቆረጠው ቫሊን ምንም እንከን የለበትም። ሳይጎድል ወደ ሴሉ ፈሳሽ ይመለሳል፤ እሱን ብቻ ፈልጎ የሚያስጭን የራሱ ዘበኛ አለውና። እትዬ ሐሊማ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። አንድም ምሽት አልነገሩንም።